የወላጅ ወንበር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንዴት ነህ ወንድምዓለም? እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ፣ ያ መኪና ሥር ተኝተህ እየዋልክ ያስቸገረህ ወገብህ ተሻለህ? ሳልህስ ለቀቀህ? የጣትህ ግሪስ አሁንም በሳሙና አልለቅ ብሎሃል ወይስ እዚያ የተሻለ ሳሙና አለ? ምግብ ይስማማሃል? እንቅልፍስ? እኔ አጠገብህ ሳላንኮራፋ እንቅልፍ ይወስድሃል? መቼም ጥያቄ ሲበዛብህ "ቀስ በል፣ አንድ በአንድ" ነው የምትለኝ። አንድ በአንድ መልስልኝ። እኔ አልቸኩልም።

እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ላይ እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ ምን እንደምልህ አላውቅም። ሚጢጢ እህታችንም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ብቅ ብሏል፤ ላንተ እንድነግርላት ስላዘዘችኝ ነው የምነግርህ። በሩ እንደ ድሮው ካላነሡት አይዘጋም። ያ በዝናብ ቆሞ የቀረ መኪና ልታነሣ ከጋራዡ ሰዎች ጋር ወጥተህ መንገዱ ካስቀረህ፣ አንተን ቀብረን ከተመለስን ወዲህ፣ ቤታችን ውስጥ የተለወጠው ዝምታው ብቻ ነው። እማዬ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ፈቃድ ወስዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ሚጢጢ አጠገቧ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፤ እማዬ እንኳን "አመመኝ" አትልም። እማዬን ታውቃታለህ፤ ማበጠሪያ ሲነካት ሰፈሩን የምታነቃ ሴት ነበረች።

እኔም ትምህርት ቤት አልሄድኩም። መጀመሪያ ዘመድ ቤቱን ስለሞላው፣ በኋላ ደግሞ ዘመዱ ሲሄድ እማዬንና ሚጢጢን ትቼ መውጣት ስላቃተኝ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በዚያ መንገድ ያላንተ ሄጄ አላውቅም። አንተ ትምህርት ጨርሰህ ጋራዥ ከገባህ በኋላ እንኳ እስከ በሩ ታደርሰኝ ነበር። እንዲህ እንዲህ ስል ብዙ ቀረሁና ደንቡ ደረሰብኝ። ያለ ፈቃድ ረጅም ጊዜ የቀረ ተማሪ ያለ ወላጅ አይገባም። ሰኞ የፈተና ምዝገባው ይዘጋል፤ ሰኞ ካልገባሁ ከመጨረሻው ክፍል ስሜ ተሰርዞ ዓመቱ ያመልጠኛል። ወላጅ አምጣ ስባል ደግሞ የማመጣው አንተን ነበር። አባባ ከሞተ፣ እማዬም በጠዋት ፈረቃ መሥራት ከጀመረች ወዲህ በዚያ በር የእኔ ወላጅ ሆኖ የገባ ሌላ ሰው የለም። እንግዲህ ጉዴን አየህልኝ?

የምጽፍልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ትናንት ቤታችን የሆነውን አንተ ሳትሰማው መቅረት የለብህም።

ቅዳሜ የቀድሞ ተማሪዎች ቀን እንደነበር ታስታውሳለህ። መድረኩን ልትመራ የነበርከው አንተ ነህ፤ "ያ መምህራችን አንቀጽ ፊት ለፊት ተቀምጦ የገዛ ደንቡን ሲሰማ ማየት አለብኝ" እያልክ መስታወት ፊት ቆመህ ስትለማመድ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አጨበጭብልህ ነበር። ጓደኞችህ ያለሱ አዳራሽ አንገባም አሉ። ሐሳቡን ያመጣችው ደወል ናት አሉ፤ "እሱ ወደ አዳራሹ ካልመጣ አዳራሹ ወደ ቤቱ ይሂድ" ብላ። ያቺ ድምፅዋ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ኳስ ሜዳ ይሰማል ብለህ ስም ያወጣህላት ደወል። አሁን አውቶቡስ ጣቢያ ሆና የመነሻ ሰዓት የምትለፍፈው እሷ ናት። መጀመሪያ ማይክ ሰጥተዋት ነበር፤ መንገደኛው አቤት ሲል መልሰው ወሰዱባት።

እኔ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ መንገዱ ላይ የወንበር ሰልፍ አየሁ። ወንበሩ ብቻ ነው የሚታየው፣ ከሥሩ እግር አለ። ቤታችን መቀመጫ እንደማይበቃ ስለሚያውቁ ከአዳራሹ ወንበሮቹን በራሳቸው ተሸክመው እየመጡ ነው። ጎረቤት በየበሩ ወጥቶ ያያል። ከኋላ እጁን አጣምሮ እየቆጠረ የሚከተላቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንቀጽ! ያ ከፊቱ አንቱ፣ ከኋላው እሱ የምንለው የሥነ ሥርዓት መምህር፣ አፉን በከፈተ ቁጥር "በአንቀጽ ይህን ያህል መሠረት" ስለሚል ይህንኑ ስም ያወጣህለት። የትምህርት ቤት ወንበር ከግቢ እንደማይወጣ ደንቡን የጻፈው ራሱ ነው። እና ሲጠይቁት ምን አለ መሰለህ? "ወንበሮቹ ከግቢ አልወጡም፤ ከእኔ ጋር ናቸው።" ይህንን ያለው ፈገግ ሳይል ነው። እኔ መጀመሪያ ገና እሱን ሳይ ስለ መቅረቴ ሊቆጣኝ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ይህንን ስሰማ ግን አንተ ብትኖር እንዴት እንደምትቀናበት አሰብኩ።

ግቢው ሞላ። እንደ ለቅሶ ቤት አቀርቅረው ተቀመጡ፤ ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ ባትሪ ተነሣ። ክፍል ውስጥ ጠዋት ጠዋት ኃይሉ አልቆ ዴስክ ላይ የሚደፋው ባትሪ አሁን ነርስ ሆኗል፤ ያውም የሌሊት ተረኛ። ጉሮሮውን ጠረገና "እሱ አንድም ደንብ ጥሶ አያውቅም፤ ማንም የሚክድ ካለ ይነሣ" አለ። ማንም አልተነሣም። አንቀጽም አልተነሣም። "ደንብ ያከብር ነበር" አለ ባትሪ፤ "ደንቡ ራሱ ኧረ በቃኝ እስኪል ድረስ ነው የሚያከብረው።"

ከዚያማ ተጀመረ። በኮሪደር መሮጥ ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት ክፍሉን ሙሉ አሰልፈህ ወደ ቤተ ሙከራ የወሰድክበትን አካሄድ ባትሪ በእግሩ ሠርቶ አሳየን። አንዱን እግሩን ያነሣል፤ አየር ላይ ያቆየዋል፤ ዙሪያውን ያያል፤ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሌላኛውን። የኬሚስትሪው መምህር ቤተ ሙከራ በር ላይ ቆመው "ምን ሆናችሁ? አሟችኋል?" እያሉ ይጮኻሉ፤ እናንተ ገና የኮሪደሩ መሐል ናችሁ። በሩ ላይ ስትደርሱ ክፍለ ጊዜው አለቀና ዞራችሁ እንደዚያው ቀስ እያላችሁ ተመለሳችሁ። አንቀጽ እየሮጠ መጥቶ "ፍጠኑ!" ሲል፣ አንተ አንድ እግርህን እንዳነሣህ "መሮጥ ክልክል ነው ጋሼ" አልከው። "መሮጥ አላልኩም፣ ፍጠኑ ነው ያልኩት!" "በምን ያህል ፍጥነት እንደሆነ ደንቡ ላይ ስላልተጻፈ እንዳንሳሳት ብለን ነው።" በማግስቱ ማስታወቂያው ሥር አዲስ መስመር ተጨምሮ አገኛችሁት፤ "እጅግ ቀስ ብሎ መሄድም ክልክል ነው።" እሱማ ዛሬም አለ፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ያንተ ሥራ መሆኑን ግን እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። ለምን አልነገርከኝም?

የማዛጋቱንማ ደወል ናት የነገረችው፤ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። አንቀጽ ደንብ በላይ በላዩ ሲለጥፍ ሰሌዳው ሞልቶ ነበር አይደል? አንተም በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ በዚያው ዓይነት ፊደል አትመህ ከመጨረሻው ሥር አንዲት ደንብ ጨመርክበት። "ማንኛውም ተማሪ ሳያስፈቅድ ማዛጋት አይችልም። ማዛጋት የፈለገ እጁን አውጥቶ ተራውን ይጠብቃል።" ማንም አልጠረጠረም። የታሪክ መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ዞር ይሉና "አንተ ከኋላ፣ እሺ አዛጋ። አንቺ ቆይ፣ እሱ ይጨርስ" ይላሉ። ባትሪ ጠዋት ያወጣውን እጅ እስከ መውጫ ሰዓት አላወረደም አሉ። አንቀጽ ራሱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ "ሳታስፈቅድ አዛጋህ!" ብሎ አንዱን ልጅ አስወጥቶታል። ይህን ያህል ደንብ ጽፎ ስለነበር ይህቺን አልጻፍኩም ብሎ መማል አልቻለም። ነገሩ የፈረሰው ርዕሰ መምህሯ ሰልፍ ላይ አዛግተው፣ ከፊት ያሉት ሕፃናት በድንጋጤ አፋቸውን በእጃቸው ሲይዙ ነው። ምን ሆናችሁ ብለው ጠይቀው ሲነገራቸው "ይህን ደንብ ያጸደቀው የትኛው ስብሰባ ነው?" አሉ። አንቀጽ ሰማይ ሰማዩን አየ። ደወል ስትነግረን አንቀጽ ከኋላ ወንበር ሆኖ ጣራችንን ያይ ነበር፤ ልክ እንደዚያ ዕለት ሳይሆን አይቀርም።

"ማነው የጻፈው?" ሲባል ከሰልፉ መሐል እጅህ ወጣ። "እኔ ነኝ" አልክ፤ "እጄን ያወጣሁት ለማዛጋት አይደለም።"

"ወላጅ አምጣ!"

እዚህ ላይ ደወል ቆም አለችና በጥግ የተቀመጡትን ሰውዬ አየች። ሁሉም አየ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ የያዙት፣ የሁላችንን የደንብ ልብስ የሚሰፉት፣ ሜትራቸውን እንደ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው የሚውሉት ልብስ ሰፊው ናቸው። ትናንትም ሜትሩን ረስተውት አንገታቸው ላይ ነበር። ሄደህ "አጎቴ ሁኑልኝ" ብለህ ስትለምናቸው ምን እንዳሉህ ራሳቸው ነገሩን። "አጎት መሆን ምን ያስቸግራል? ልጅ አልተሰጠኝም እንጂ ቁጣ አላነሰኝም" ብለው መርፌያቸውን ኮታቸው ላይ ሰክተው ተነሡ።

አንቀጽ ቢሮ ገብተው የወላጅ ወንበር ላይ ተቀመጡና ገና ስለ ማዛጋቱ ሳይነገራቸው ጀመሩት። "ይህ ነው ያሳደግኩህ? እናትህ ልብስ አጥባ፣ እኔ ልብስ ሰፍቼ፣ አንተ ደንብ ትሰፋለህ?" ጆሮህን ያዙ። ተነሡ፣ ተቀመጡ። በመጨረሻ ራሳቸው አመኑበትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንቀጽ ከወንበሩ ተነሥቶ ውኃ ቀዳላቸው፤ "ይተዉት፣ ልጅ ነው፣ ይታረማል" እያለ ለመናቸው። ወሬው ተዛመተ። ከዚያ በኋላ ጥፋት የሠራ ሁሉ ልብስ ሰፊው ሱቅ ይሰለፋል፤ ለአንዱ አጎት፣ ለሌላው አያት ሆኑ፤ ደወልን "የክርስትና ልጄ" ብለው ነው የተቆጧት። ከቢሮው ስለማይጠፉ በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መረጧቸው። አንድም ልጅ የሌላቸው ሰውዬ! ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ ወንድምዓለም። አንተ ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይቅር በለኝ፤ ቅር እንዳይልህ።

"ማነው አጎቱ?" የሚል ድምፅ ከኋላችን ሰማን።

እማዬ ናት። ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ በግማሹ የተበጠረ ፀጉሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሚጢጢ ማበጠሪያውን እንደያዘች ከሥሯ አለች። ልብስ ሰፊው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ሜትሩ መሬት ወደቀ።

"እኔ ነኝ እህቴ" አሉ።

እማዬ ከራስ እስከ እግራቸው አየቻቸው። "ወንድም እንዳለኝ ሳላውቅ ነው እንዴ የኖርኩት?" አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ "አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልተጠራሁም ብዬ፣ እዚያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስንቱ ፊት ተኩራርቻለሁ! የእኔ ጨዋ! የእኔ ጨዋ ልጅ!" ብላ ሳቀች። ያ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ሳቅ፣ እስክትንበረከክ ድረስ የሚያስቃት። አንተ ቢሆን ኖሮ ጎንበስ ብለህ ታነሣት ነበር፤ ባትሪ አነሣት። እንደደገፋትም "እርስዎን ከፈረቃዎ ላለማስቀረት ነው እኮ" አላት። "እናቴ አንቀጽ ፊት አንገቷን ደፍታ እንዳላያት ብሎ ነው።" ሳቋ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ግን ወደ ግድግዳው ዞራ አላለቀሰችም፤ ከሰው መሐል ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ያችን የትምህርት ቤት ወንበር።

አሁን ደግሞ አንቀጽ ተነሣ። ሁሉም ጉድ ፈላ አለ። ኮቱን ከፈተና ገበሩን አሳየን። "ይህንን የሰፉልኝ እኚህ ናቸው" አለ። "አጎት ሆነው በመጡ ዕለት የለበስኩት ይህንኑ ኮት ነበር። ሲገቡ ኮቱን አዩ፤ እኔ እሳቸውን አየሁ። ሁለታችንም ዝም አልን።"

"እና ለምን ዝም አሉ ጋሼ?" አለች ደወል፤ ጥያቄው ሦስት መንደር ተሰማ።

"ብዙ ወላጅ አይቻለሁ" አለ። "እንደ እሳቸው አምሮበት የተቆጣ የለም። ደግሞ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ለእኔ ወላጅ ነው።"

ይህንን ቃል ሌላ ጊዜም ሰምቼው ነበር፤ አንተም አለህበት። በክፍል ውስጥ ተደባድቤ ወላጅ አምጣ የተባልኩ ጊዜ ልብስ ሰፊው የሰፉልህን ግራጫ ኮት ለብሰህ፣ ፀጉርህን በውኃ አርጥበህ መጣህ። እኔ ከዚያ በፊት አንቀጽ ሲያባርርህ ነበር የማውቀው፤ በሳቅ የምትፈነዱ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ወንበሩን ሳበልህ፤ "ይቀመጡ" አለህ። አንተን! አንቱ ብሎ! ልትቀልድ አፍህን ስትከፍት "በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለእኔ ወላጅ ነው" አለህ፤ አፍህን ዘጋህ፤ ወገብህ ቀና አለ። "ቤት ሲገባ እቆጣዋለሁ" ብለህ ቃል ሰጠህ። ከበሩ ስንወጣ ጥግ ላይ አቁመህ ኮሌታዬን አስተካከልክልኝ። "እንግዲህ ተቆጥቻለሁ" አልከኝ። "ተሰማህ?" ተሰማኝ ስል፣ "በቃ አሁን ወንድምህ ነኝ" ብለህ ኮትህን አውልቀህ ትከሻዬ ላይ ጣልክብኝ። ያን ቀን ከአንተ የሚበልጥ ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ዛሬም አይመስለኝም።

ወንበሮቹ ተነሡና ሰዉ ሲሄድ አንቀጽ በሩ ላይ ቆሞ ጠራኝ። "ሰኞ ና" አለኝ፤ "ከወላጅ ጋር።" ባትሪ "ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን ይተዉት!" ሲለው "ለወንድሙ ያላነሣሁትን ደንብ ለእሱ አላነሣም" አለ ፍንክች ሳይል። ከዚያ ባትሪ ወንበር በራሱ ላይ እንደያዘ "እኔ ወላጁ ነኝ" አለ። ደወል "እኔም ነኝ" አለች። ሁሉም እጁን አወጣ፤ ለማዛጋት እንደሚያስፈቅድ ሰው። ልብስ ሰፊው "እኔ እኮ ሰብሳቢ ነኝ፣ ከእኔ ሌላ ለማን ይገባል?" ብለው ሊጣሉ ደረሱ። አመሰገንኳቸው፤ ግን በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ማየት ሆዴ አልፈቀደም። የሚገርምህ እማዬ ናት ከውስጥ፣ "ተዉት፣ እኔ እወስደዋለሁ" ያለችው። አንቀጽ ጎንበስ ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ያለው ይኸው ነው። ሚጢጢ ጥርሷን ሥላ ላክልኝ ብላ ሰጥታኛለች፤ ሥዕሉ እኔ ዘንድ ይቆይ። እማዬ ምን ልበልልሽ ስላት "በርዶት እንደሆነ ጠይቅልኝ" ነው ያለችው። ልብስ ሰፊው "የእህቴ ልጅ ሰላም ይሁን" ብለዋል። ባትሪ ማታ ለተራው ሲነቃ ሰላም ብሎሃል፤ ደወልም በአውቶቡሱ ሁሉ ሰላም ብላሃለች፤ ከሰማህ የሷ ድምፅ ነው። አባባን እዚያ ስታገኘው ጭራዬ አድጓል በለው፤ አንተ ጭራዬ እያልክ ያሳደግከው፣ ከኋላህ የማይጠፋው ጭራህ። እሱን የምመስለው በአፍንጫዬ ነው ይሉኛል፤ አንተን የምመስለው ግን በምንም አይደለም፤ ገና ነኝ።

ከክፍላችን፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ያንተ አልጋ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሚያዝያ 12

ወንድምዓለም፣ ሳልዘጋው ቀረሁ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ከትምህርት ቤት አሁን መመለሴ ነው። የጠዋቱን ልንገርህ።

አንተ ፊትህን ታጥበህ ስትመለስ ያንን እርጥብ እጅህን አንገቴ ላይ አድርገህ ነበር የምትቀሰቅሰኝ። ዛሬ ከማንም ቀድሜ ነቃሁ፤ ግን አልተነሣሁም፤ እጅህን ጠበቅሁ። ከዚያ ሄጄ ታጠብኩና እጄን ሳላደርቅ የገዛ አንገቴን ያዝኩ። በጣም ይቀዘቅዛል ወንድሜ፤ አንተ እንዴት ደስ ይልህ ነበር?

እማዬ ለብሳ ተነሥታ አገኘኋት። አንዱን ጫማ አድርጋለች፤ ሌላው እጇ ላይ ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። "ጉልበቴ እምቢ አለኝ" አለችኝ፤ "ትንሽ ቆይተን እንሂድ።" ዓይኗ ግን በሩን ማየት አልቻለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችህ በዚያ በር ስትወጣ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ደግሞ አይጠብቅም፤ ከተዘጋ ተዘጋ። "ግድ የለሽም እማዬ" አልኳት፤ "ወላጅ አለኝ።" ሄጄ ግራጫ ኮትህን ከምስማሩ ላይ አወረድኩ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። "ና" አለችኝ። እጅጌው ረዝሞብኝ ነበር፤ ወደ ውስጥ አጠፈችው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችልኝ።

በመንገዱ በግራ በኩል ሄድኩ። ቀኙን ላንተ ተውኩልህ፤ አንድ ሰው በዚያ በኩል ሊያልፍ ሲል ቆሜ አሳለፍኩት። ልብስ ሰፊው ሱቃቸው በር ላይ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ቆመዋል። "ይኸው ተዘጋጅቻለሁ" አሉኝ። "ዛሬ ወላጅ ይዣለሁ አጎቴ" አልኳቸው። ኮቱን አዩት። ከትከሻዬ ላይ አንዲት ክር ነቅለው በጣታቸው ጠቀለሏትና "ሂድ እንግዲህ" አሉኝ። ዘበኛው ኮቱን አይቶ በሩን ከፈተ፤ ፊቴን ያየ አይመስለኝም።

አንቀጽ ቢሮ ገባሁ። ያ ወንበር በቦታው ነው፣ በመስኮቱ ሥር። አንቀጽ ከወረቀቱ ቀና አለ፤ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

"ወላጅህስ?"

መናገር የነበረብኝን ስንቴ ተለማምጄው ነበር መሰለህ። ሁሉም ጠፋብኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። "በቤታችን አሁን ታላቅ እኔ ነኝ።"

ኮቱን አየ። የታጠፈውን እጅጌ አየ። ያባርረኛል ብዬ በሩን በዓይኔ ፈለግሁ። እሱ ግን ተነሣ፤ ዞሮ መጣ፤ ወንበሩን ሳበልኝ።

"ይቀመጡ" አለኝ።

ተቀመጥኩ ወንድምዓለም። እግሬ መሬት መድረሱ ገረመኝ።

እሱም ቦታው ተመለሰ፤ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈ። "ልጅዎ" አለኝ፣ "ጎበዝ ልጅ ነው። ሰሞኑን ቀርቷል። ታላቅ ወንድሙን አጥቶ ነው። እኔም ተማሪዬን አጥቻለሁ፤ ስለዚህ ይገባኛል። ግን ዓመቱ እንዳያመልጠው እፈልጋለሁ።"

"አያመልጠውም" አልኩ። ቀና ብዬ ደገምኩት። "አያመልጠውም። ቤት ሲገባ እቆጣዋለሁ።"

"ብዙ አይቆጡት" አለ አንቀጽ።

የመግቢያ ፈቃዱን ጽፎ ሰጠኝ፤ በሁለት እጁ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁትና ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ "አንተ!" አለኝ። ደንግጬ ዞርኩ። "ኮቱን አውልቅ። የደንብ ልብስ አይደለም።"

አወለቅኩት። አጥፌ ክንዴ ላይ አደረግሁት። ኮሪደሩ ባዶ ነበር፤ በየክፍሉ ትምህርት ተጀምሯል፤ ያ ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ አለ፣ ያንተም መስመር ከሥሩ። የአንቀጽ በር ከኋላዬ ሲዘጋ አልሰማሁም። አንዱን እግሬን አነሣሁ፤ አየር ላይ አቆየሁት፤ ዙሪያዬን አየሁ፤ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጌ መሬት አስቀመጥኩት። ከዚያ ሌላኛውን። እስከ ክፍሌ በር ድረስ እንደዚያ ሄድኩ፤ ከኋላዬ "ፍጠን" ያለኝ ማንም የለም።